የአርባ አንድ የዱር ወፎች ወራሽ

ሚያዝያ 1 ቀን፣ ጸሎተ ሐሙስ

ለክቡር አቶ ሰይፈሚካኤል
የእንስሳት ጤና ናሙና መቀበያና ማስተላለፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም የጠነከረ፣ ዕረፍትዎም እንደ መዝገብ ቤትዎ የምሳ ሰዓት የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ኢፋ ጫምሳ እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። ዕድሜዬን የጠቀስኩት ለትውውቅ ብቻ አይደለም፤ በእርስዎና በእኔ መካከል ያለው ጉዳይ ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ቀረ ነው።

እህቴን ሜቲ ጫምሳን ያውቋታል። ፊቷን ባያስታውሱ ቦት ጫማዋን ያስታውሱታል፤ ከቆቃ ሐይቅ ዳር ጭቃ ይዛ መጥታ ኮሪደር አበላሸች ተብላ በጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ጊዜ ተወቅሳለችና። የካቲት 19 ቀን የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከመንገድ ወጥቶ ተገልብጦ ሞታለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። መጋቢት 8 ቀን ከጻፉልኝ ደብዳቤ ወዲህ ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ ለሦስቱም የገቢ ቁጥር በክብር ተሰጥቶኛል፤ መልስ ግን አላገኘሁም። ምናልባት ዝግ ባለ ድምፅ ጽፌ እንደሆነ ብዬ አሁን ሁሉም በሚያነበው መንገድ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ደብዳቤው በእጁ የሚገባ ሌላ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ የሜቲን ሥራ በአጭሩ ልግለጽ። እህቴ የዱር ወፎች አጥኚ ነበረች። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ብርድ ሸሽተው ከሩቅ አገር የሚመጡትን ዳክዬዎች በየቅዳሜው ጨፌ ቡርቃ በሚባለው የሐይቁ ዳር ትቆጥር ነበር፤ የት እንደሚያድሩ፣ በየትኛው የሽንኩርት ማሳ እንደሚለቅሙ፣ በዚያው ማሳ ጧት የማን ዶሮ እንደሚውል በደብተሯ ትጽፍ ነበር። በሰፈራችን «ዲግሪ ይዛ ወፍ ትቆጥራለች» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። በታኅሣሥ ወር ግን ወፎቹ መሞት ጀመሩ። ጓንትና ጭንብል አድርጋ ከአርባ አንድ ሬሳ በጥጥ ናሙና ወሰደች፤ በአርባ አንድ ብልቃጥ አሽጋ፣ በአንድ ሳጥን አድርጋ፣ ወደ ላቦራቶሪ እንዲላክላት ወደ እርስዎ ጽሕፈት ቤት አመጣች፤ ሳጥኑ እስካሁን ፍሪዘርዎ ውስጥ ነው። በሽታ ነው አላለችም። «የሽንኩርት ተባይ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ በሽታም ሊሆን ይችላል፤ እስኪመረመር አላውቅም» ነው ያለችው። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሽታ ከሆነ ከዳክዬ ወደ ዶሮ መሻገር አያቅተውም፣ ዶሮ ደግሞ በሚኒባስ አዳማም ደራም ትደርሳለች።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። የጽሕፈት ቤትዎ የናሙና መላኪያ ቅጽ ለላም፣ ለበግና ለግመል እጅግ የተመቸ መሆኑን ለመመስከር እወዳለሁ። በተራ ቁጥር ሰባት ላይ «የእንስሳው ባለቤት ስም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር» ይላል። እህቴ መጀመሪያ «የዱር ወፍ» ብላ ጻፈች፤ «ያልተሟላ» ተብሎ ተመለሰላት። ሁለተኛ ጊዜ «ባለቤት የለውም» ብላ ጻፈች፤ «ባለቤት ከሌለው ውጤቱ ለማን ይነገራል?» የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበት ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ፣ ትዕግሥቷ አልቆ ይሁን ከልቧ ይሁን አላውቅም፣ «የኢትዮጵያ ሕዝብ» ብላ ጻፈች። ይህኛው መልስ ቤታችን ተቀምጧል፤ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «የቤት ቁጥር ይሟላ» ይላል። ያን ምሽት ሁለታችን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ከእሷ ጋር እንደዚያ የሳቅሁት ለመጨረሻ ጊዜ ስለሆነ በእውነት ባለውለታዬ ነዎት።

2ኛ. ስለ ምክርዎም አመሰግናለሁ። ወፎቹ የማንም አለመሆናቸውን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከሐይቁ ዳር ቀበሌ እንድታመጣ የመከሯት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሜቲ የካቲት 19 ቀን ለዚሁ ሄደች። የቀበሌው ሰብሳቢ የዋዛ ሰው አይደሉም፤ «ዛሬ የማንም አይደሉም ብዬ ብፈርም ነገ አንዱ ተነሥቶ ዳክዬዎቼን አስረከብክብኝ ቢለኝስ?» አሏት። ቀጥለውም «አንቺ ይህን ያህል ካሳዘኑሽ ለምን አንቺው አትወስጃቸውም?» አሉ። እህቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ደስ ያለው ነበር፤ «ኢፊ፣ የአርባ አንድ ወፍ እመቤት ሆኛለሁ፣ ከእንግዲህ በክብር ጥራኝ» አለችኝ። በተራ ቁጥር ሰባት ላይ የራሷን ስምና የቤታችንን ቁጥር ጻፈች፤ ሰብሳቢውም አተሙላት። ቅጹን በቦርሳዋ ይዛ ስትመለስ ነው ያ ሚኒባስ የተገለበጠው።

እዚህ ላይ እንዳይቀየሙኝ አደራ እላለሁ። እህቴን ገደሏት አላልኩም፤ የሾፌሩ ጉዳይ በፖሊስ ተይዟል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ላይ የነበረችው በቅጹ ላይ ያለችው የተራ ቁጥር ሰባት ሣጥን ባዶ ስለ ነበረች ነው። ሣጥኗ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም። ለክቻታለሁ።

3ኛ. ስለ ፈጣን መልስዎ። ፖሊስ ቦርሳዋን ከመለሰልን በኋላ፣ የአሥራ ሁለት ቀኗ ባለፈ ማግስት ቅጹን ይዤ መጣሁ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ አሰለፈች ስሟን ሲያዩ አለቀሱ፤ የይምሰል ልቅሶ እንዳልነበረ ልመሰክርላቸው እወዳለሁ። ካለቀሱ በኋላ መነጽራቸውን ጠርገው ማኅተሙን መቱልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ፣ መጋቢት 8 ቀን፣ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ደረሰኝ። «የናሙናዎቹ ባለቤት ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ በመሆኑ፣ ሕጋዊ ወራሽ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይዞ እስካልቀረበ ድረስ ናሙናዎቹ ወደ ላቦራቶሪ ሊላኩ የማይችሉ መሆኑን፣ እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ካልቀረበም የሚወገዱ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። በመጨረሻም «ከሰላምታ ጋር» የሚል አለበት። ሰላምታው ደርሶኛል።

እናትና አባታችን ከሞቱ ሰባት ዓመት አልፏል፤ ያሳደገችኝ ሜቲ ናት። ስለዚህ በሕግ ወራሿ እኔ ነኝ። አንድ መስተዋቱ የተሰነጠቀ የሩቅ መነጽር፣ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ፣ አራት ደብተርና አርባ አንድ የሞቱ ወፎች ወርሻለሁ። ይህንኑ ለማስመስከር ፍርድ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ዕድሜዬን አይቶ «አካለ መጠን አልደረስክም፤ ሞግዚትህን ይዘህ ና» አለኝ። «የምወርሰው እኮ እሷን ነው» አልኩት። ፋይሉን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ፣ ከዚያ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ውኃ አስመጣልኝ። ወንበር ያገኘሁበት ብቸኛው ቢሮ ስለሆነ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈለግሁም። አክስቴ ኤቢሴ ሞግዚቴ እንድትሆን አመልክታለች፤ የተሰጣት ቀጠሮ ግንቦት 26 ነው። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት የምሞላው ሰኔ 8 ነው። እርስዎ ብልቃጦቹን የሚያስወግዱት ሚያዝያ 30 ነው። በሒሳብ ደካማ አይደለሁም፤ ሦስቱን ቀኖች በየትኛውም ቅደም ተከተል ብደረድራቸው የሚቀድመው የእርስዎ ነው።

4ኛ. በዚህ ቁጥር ምን ላመሰግንዎ እንደ ነበር ረስቼዋለሁ። ሰሞኑን እንደዚህ ነኝ። ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቅቶኛል፤ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ስለ ሴል ሲያስረዱ እኔ በመስኮቱ የሚያልፉትን እርግቦች እቆጥራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ጨፌ ቡርቃ እወርዳለሁ። ሜቲ እንዳሳየችኝ ክንዴን ዘርግቼ፣ መንጋውን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ፣ በአንድ አውራ ጣት ሃምሳ ዳክዬ እያልኩ በአምስተኛው ደብተሯ እጽፋለሁ። አምስተኛውን እኔ ነኝ የገዛሁት። ዳክዬዎቹ አሁን ሊያልቁ ነው፤ አብዛኞቹ ወደ መጡበት ተመልሰዋል፣ ማመልከቻ ሳያስገቡ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን የቆጠርኩት ዳክዬ አይደለም። እህቴን በጀልባው ያመላልሳት የነበረው ዓሣ አጥማጁ ኡበይደላ ከሐይቁ ዳር ወደ ሦስት ቤቶች ወሰደኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሦስቱ ቤት ሃያ ሰባት ዶሮ ሞቷል። አንገታቸው ወደ ኋላ እየተጠመዘዘ ነው የሚሞቱት አሉኝ። ያልሞቱትስ አልኳቸው። የአንደኛው ቤት እመቤት እንደ ሞኝ አየችኝና «ሳይሞቱ ለፋሲካ ገበያ አወጣናቸዋ! ሌላ ምን እናድርጋቸው?» አለችኝ። እንዳይሸጡ ለመንኩ። «በሽታው ምንድን ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኩ። «ታዲያ ካላወቅክ ምን ታስፈራራናለህ?» አለች። ኡበይደላ ሊረዳኝ ፈልጎ «የሟቿ ወንድም እኮ ነው» ቢላትም፣ እሷ የጠየቀችኝ ዝምድናዬን አልነበረም። ክቡር ሆይ፣ ያች ሴት የጠየቀችው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው እርስዎ ፍሪዘር ውስጥ ነው፤ በሽታም ይሁን መርዝ፣ ወይም ከዶሮዎቹ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ይሁን። እኔ እዚያ ደጃፍ ላይ ባዶ እጄን ቆሜ ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ የብልቃጦቹ ሳጥን ይላክ። ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አልፈልግም፤ ቅጹም እንዲቀየር አልጠይቅም፣ እሱ ሌላ ኮሚቴ እንደሚያስፈልገው ይገባኛል። ባለቤት የግድ ከሆነ በተራ ቁጥር ሰባት ላይ የራስዎን ስም ቢጽፉ በእኔ በኩል ተቃውሞ የለኝም፤ የቤት ቁጥር እንደማያጡ እተማመናለሁ። ውርሴን በገዛ ፈቃዴ ለእርስዎ ለማስተላለፍ ዝግጁ ነኝ፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ማስተላለፍ ይችላል ከተባለ። ብልቃጦቹ ከተጣሉ ግን እህቴ በዚያ መንገድ የሄደችው ለምንም ሆኖ ይቀራል። ሌላውን ሁሉ ተሸክሜያለሁ፤ ይህን መሸከም አልችልም።

ለሰጡኝ የገቢ ቁጥሮች፣ ለላኩልኝ ሰላምታና ቆሜ ለጠበቅሁበት የተወለወለ ኮሪደርዎ ያለኝን የማይነጥፍ ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ በሥልጣን ላይ የሚቆዩበት ዘመን ቢያንስ አንድ ናሙና ለመላክ የሚበቃ እንዲሆን በመመኘት፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ኢፋ ጫምሳ
አካለ መጠን ሊደርስ ሁለት ወር ከሰባት ቀን የቀረው

ግልባጭ፦
ለዓሣ አጥማጁ ኡበይደላ፣ ጨፌ ቡርቃ (አንብቦ ለጎረቤቶቹ እንዲያስረዳ)
ለአክስቴ ለወይዘሮ ኤቢሴ (ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የምጨምረው ኮሪደርዎ ላይ ቆሜ ነው፤ ደብዳቤውን ዛሬ ጧት ለመዝገብ ቤት ላስገባ ስል ብልቃጦቹ ደህና መሆናቸውን ወይዘሮ አሰለፈችን ጠየቅኋቸው። «አይዞህ ልጄ፣ አልጣልናቸውም፤ ከዶሮው ሥር ናቸው» አሉኝ። የምን ዶሮ ብል፣ የሠራተኞች ማኅበር ለበዓሉ በጅምላ ያስመጣው የተበለተ ዶሮ ፍሪዘሩን ስለሞላው የእህቴን ሳጥን ወደ ታች እንዳወረዱት አስረዱኝ። ከየት እንደመጣም ጠየቅሁ። «ከቆቃ ነው፤ የሐይቅ ዳር ዶሮ ይጣፍጣል፤ ለኃላፊያችን ሁለት ተለይቶላቸዋል» አሉኝ። እንዳይበሉት ለመንኳቸው። «ለምን? ምን ሆነ?» አሉኝ። አላውቅም፣ ውጤቱ አልመጣም አልኳቸው። ሳቁብኝ። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፤ እኔ ሐይቁ ዳር እሆናለሁ፣ እርስዎ ቤት ደግሞ ድስቱ ይጣዳል። ከሳጥኑና ከዶሮው የቱን ቀድመው ከፍሪዘሩ እንደሚያስወጡ ለእርስዎ ትቻለሁ።