የዲጄ ጎረቤቴን ዕቃ ስለወረሱልኝ

ለአካባቢያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ለማኅተምዎም ጭምር እመኛለሁ፤ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ አርፎ ከቆየ በኋላ ሰሞኑን በእኔ ምክንያት ብዙ ስለደከመ፣ ወገቡን እንዳይዘው እሰጋለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ ራሴን ላስተዋውቅ። «እኛ የሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ» ብሎ የሚጀምረውን የድምፅ ረብሻ አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ስለ ውሃው ፓምፕ፣ ስለ ደረጃው መብራትና ስለ ተሰረቀው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን በየጊዜው የጻፍኩት ሰውም እኔው ነኝ። እነዚያ ደብዳቤዎች እውነት ስለነበሩ ይመስለኛል መልስ ሳያገኙ አረጁ። የተሳሳትኩባት አንዷ ግን ቀለሟ ሳይደርቅ ሰዎችዎን አስከትላ መጣች። ይህን ውለታ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነብኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ የሆነችው ወጣት ዲጄ በየምሽቱ ከግድግዳው ወዲያ ወፍራምና የማያቋርጥ፣ ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ጉምጉምታ እንደምትለቅብን ስጽፍልዎ፣ አንድ ምሽት ሳሎኔ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሠራተኛ እንኳ አልላኩም። በመካኒካል ምህንድስና የተመረቅሁ መሆኔን ስለጠቀስኩና የድምፁን ባሕርይ በሁለት ገጽ ስለተነተንኩ በቂ ሆኖ አግኝተውት ይሆናል። ለእኔም በቂ ነበር። ለባለቤቴ አቤቱታውን ሳነብላት «አንተ ሰው፣ ልጅቷ ለሥራ በወጣችበት ምሽትም እኮ ይሰማል» አለችኝ። «ማሽኑን ከፍታው ሄዳ ነዋ!» አልኳት። «ለማን? ለወንበሩ?» አለች። እኔም ፖስታውን አሸግሁት። እውነቱን ልናገርና፣ ጥፋተኛዋ እሷ እንድትሆን ፈልጌ ነበር። ሰው ሥራ ሲገባ የምትተኛ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ትልቅ ቦርሳ ተሸክማ የምትወጣ ሴት ናት። ሥራዋን ሥራ ብዬ አልቆጠርኩላትም፤ አንድም ቀን ቀድሜ ሰላም ብያት አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ባለሙያዎችዎ ትጋት አመሰግናለሁ። በጠራራ ፀሐይ መጥተው በሯን አንኳኩ። እሷ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትሠራ ስለነበር አልሰማችም። በማዳመጫ የሚሠራ ሰው ጎረቤት ሊረብሽ እንደማይችል ለማንም ግልጽ ነው፤ ባለሙያዎችዎ ግን በሪፖርታቸው ላይ «በር ባለመክፈት ሥራችንን አደናቅፋለች» ብለው አሰፈሩት። ኋላ ስትከፍትላቸው መለኪያቸውን አወጡ፤ የሚለካ ነገር አልተገኘም። ስለዚህ ስፒከሮቹን እንድታበራ አዘዟት። አበራች። «ጨምሪው!» አሏት፣ ጨመረች። «አሁን ገና!» አለ አለቅየው፤ ቁጥሩንም ጻፈ። እንግዲህ ጎረቤቴ የታዘዘችውን ሁሉ በመፈጸሟ ከተፈቀደው መጠን በላይ ሆና ተገኘች። ይህን ሁሉ ያየሁት በሬን ገርበብ አድርጌ ነው። ወጥቼ አንዲት ቃል መናገር እችል ነበር።

ስፒከሮቹን፣ ሚክሰሩንና ላፕቶፑን ጠቅልለው ወሰዱ። ለክፉ ቀን ብላ የሥራዋን ቅጂ ያስቀመጠችበትን ሃርድ ዲስክም፣ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ፣ አብረው አነሱት። በመጨረሻ ወጣሁ፤ የወጣሁትም የደረጃውን የብረት በር ልይዝላቸው ነበር። ልጅቷ ግን ስፒከሮቹ ብረቱን እንዳይመቱ የያዝኩላት መስሏት፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች «ይባረኩ ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ይጫጫሩ ነበር» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ምርቃት ተቀብያለሁ፤ ይህን ግን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

በዚያው ምሽት እንደ አሸናፊ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ጋዜጣዬን ገለጥኩ። ጉምጉምታው ጀመረ። ባለቤቴ ሽንኩርት መላጧን አቁማ አየችኝ፤ ከዚያ መላጧን ቀጠለች። ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ጽሕፈት ቤትዎ እንዲያስጠግነው ደጋግሜ የለመንኩለት የውሃ ፓምፕ ኩሽኔታው አልቆ ከመሠረቱ ላይ ይዘላል፤ ንዝረቱም በቧንቧው ወጥቶ በእኔና በእሷ ቤት መካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ ይጓዛል። እጄን ባሳርፍበት እስከ ክርኔ አንቀጠቀጠኝ። በተማርኩት ትምህርት ይህን ለማወቅ መውረድም አያስፈልገኝም ነበር። ግን ፓምፕ ከመመርመር ሰው መክሰስ ቀለለኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ አሠራርዎ ጥብቅነት አመሰግናለሁ። በማግስቱ አቤቱታዬን ላነሳ ቢሮዎ መጣሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በአክብሮት ወንበር ሳበችልኝና «እንዲህ የተሟላ አቤቱታ መጥቶልን አያውቅም፤ ለባለጉዳይ ሁሉ እንደ ናሙና ነው የምናሳየው» አለችኝ። ስህተት መሆኑን ስነግራት ፈገግታዋ ሳይጠፋ አስረዳችኝ። ከሳሹ እኔ ሳልሆን የሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ ስለሆኑ፣ ክሱን ማንሳት የሚቻለው ሁሉም ሲፈርሙ ነው። ለነገሩ ፋይሉ ተዘግቷል። የፓምፑ ፋይልም፣ አድራሻው አንድ ስለሆነ፣ አብሮ ተዘግቷል፤ ሁለቱም «ችግሩ የተፈታ» ተብለው ለበላይ አካል ሪፖርት ተደርገዋል። ስለ ስኬትዎ እንኳን ደስ ያለዎት።

እንግዲህ በየቤቱ እየዞርኩ «ሳልጠይቃችሁ በስማችሁ ከስሻለሁ፤ አሁን ደግሞ ፈርሙልኝ» ማለት ሊኖርብኝ ነው። ፊት ለፊታችን የሚኖረው ልብስ ሰፊ በር ድረስ ሄጃለሁ። ከፈተልኝ። ጨው ለምኜው ተመለስኩ። ባለቤቴ እስከ አፉ የሞላውን የጨው ብልቃጥ ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

አራተኛውን ምስጋና ጀምሬው ነበር፤ አልሄድልህ አለኝ። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ የሆነውን ልንገርዎ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ራሷ መጣች። «ጋሼ፣ ጽሑፍ ላይ የሚደርስብዎት የለም አሉኝ፤ ይግባኝ ይጻፉልኝ» አለች። ማን እንደከሰሳት አታውቅም፤ ጽሕፈት ቤትዎ ምስጢር በመጠበቅ አይታማም። አስቀመጥኳትና ብዕር አነሳሁ። ይግባኝ የሰውን የሕይወት ታሪክ እንደማይፈልግ አውቃለሁ፤ ግን ብዙ በጠየቅኩ ቁጥር ኑዛዜዬ ይዘገያል ብዬ ከልጅነቷ ጀምሬ ጠየቅኋት።

አባቷ ራዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቃቸው ውስጥ ባለቤት ያልመጣላቸውን ሁለት ቴፖች ጎን ለጎን አድርጋ፣ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላውን ከሥሩ ማስነሳት ለመደች። አባቷ ሥራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ «ይሄ ዘፈን ዛሬ አያልቅም እንዴ?» ሲሉ፣ ያኔ እንደተሳካላት ታውቅ ነበር። የሠርግ ዲጄ የሆነችው አንድ አዳራሽ የቀጠረው ሰው በመቅረቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ከጠረጴዛው ኋላ ቆማ እየሠራች «ዲጄው የት ሄደ?» ሲሏት ኖራለች። «መጸዳጃ ቤት ነው፤ እስኪመጣ ይዤለት ነው» ትላቸዋለች። የሙሽራዋ አክስት «ቀይሪው!» የሙሽራው አጎት «መልሺው!» ሲሉ ሁለቱንም አስጨፍራ ትሸኛለች። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሻይዋ እስኪደፋ ሳቀች። እኔም ስቄ ነበር፤ ሳቄ መሃል ላይ ብዕሩ እጄ ውስጥ መሆኑን አስታወስኩ።

የራሷን ሙዚቃ መሥራት የጀመረችው አባቷ ሲሞቱ ነው። ሱቁ ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘጋ የቆርቆሮ መዝጊያው ሲወርድ ያሰማውን ድምፅ በስልኳ ቀዳችው። ቤት ገብታ ቆራረጠችው፤ አንዱን ቁራጭ ከበሮ አደረገችው፣ ሌላውን ሳብ አድርጋ ዜማ አወጣችበት። ከዚያ የአውቶቡስ በር መጣ፣ የእናቷ የስፌት መኪና፣ የዝናብ ውሃ ባልዲ ላይ ሲንጠባጠብ። «ሰው ኤሌክትሮኒክ ሲባል ማሽኑ ብቻውን የሚዘፍን ይመስለዋል፤ እኔ ግን ጋሼ፣ ስሠራ የምውለው ሳዳምጥ ነው» አለችኝ። ቀጥላም በቅን ልቧ «ያ የታች ፓምፕ ሲነሳ ብቻ ነው ማዳመጫም የማያድነኝ፤ እናንተንስ አይረብሻችሁም?» ብላ ጠየቀችን። ባለቤቴ ብድግ ብላ ወጥ ቤት ገባች። እኔ «አልፎ አልፎ» አልኩ።

አሁን አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ የሌላ ሰው ዘፈን ሳታስገባ የራሷን ሥራ ብቻ ሙሉ ዝግጅት እንድታቀርብ ጠርቷታል። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሥራዋ በሙሉ ያለው መጋዘንዎ ውስጥ በተቀመጠው ላፕቶፕና ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። የእርስዎ ውሳኔ ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ በውስጣቸው ያለው ተደምስሶ ዕቃዎቹ ይሸጡ ይላል። የአባቷ ሱቅ ሲዘጋ የተቀዳው ድምፅም እዚያው ውስጥ ነው።

ይግባኙን ልጽፍ ሞከርኩ። «ማንነታቸው ካልታወቀ ከሳሾች» ከሚለው ሐረግ ማለፍ አቃተኝ። «ጨርሼ አመጣልሻለሁ» አልኳት። ስትወጣ በሩ ላይ ዘወር ብላ «ሥራው ሲወጣ ምስጋናው ላይ ስምዎን አስገባለሁ» አለች።

ስለዚህ ይግባኙ ይኸውልዎ። ከሳሹ አንድ ሰው ነው፤ እኔ ነኝ። የሕንፃው ነዋሪዎች አልተጠየቁም፣ አልሰሙም፣ አልፈረሙም። የተከሰሰችው ሴት አንድም ምሽት አልረበሸችኝም። ድምፁ የጽሕፈት ቤትዎ ንብረት ከሆነው ፓምፕ የሚወጣ ነው፤ የሚጠራጠር ባለሙያ ካለዎት ይምጣና እጁን ያሳርፍበት። ዕቃዋን፣ አንዲት ፋይል ሳይነካ፣ የአዳራሹ ቀን ሳይደርስ ይመልሱላት። በሐሰት አቤቱታ የሚያስቀጣ ደንብ እንዳለዎትም አንብቤያለሁ፤ እባክዎ በእኔ ላይ ይጠቀሙበት። አድራሻዬን ያውቁታል፣ በሬን ሲያንኳኩም እሰማለሁ።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ላሳፍር ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ለመድፈር አቅሙ የለኝም። አንዱን ቅጂ ሕንፃው መግቢያ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ልብስ ሰፊውም ሌሎቹም በስማቸው የተሠራውን ያንብቡ። ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያውን ቅጂ በእጄ ለእሷ እሰጣታለሁ። ይግባኙ መስሏት ታመሰግነኛለች፤ ከዚያ በሯን ዘግታ ታነባለች። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የምሰማው ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ዝምታም ቢሆን፣ አቤቱታ አላቀርብበትም።

ሳያጣሩ የመወሰን ችሎታዎ ሳይጓደል፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ ዘመንዎ እንዲረዝም ከልብ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

«የሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ» የተባልኩት አንድ ሰው

ማሳሰቢያ፦ ዕቃውን የወረሰው ቡድን አለቃ ለልጁ ሠርግ እንድታጫውትለት ልጅቷን ጠይቋታል፤ ለዚያ ቀን ብቻ የገዛ ስፒከሮቿን ከመጋዘኑ በውሰት እንደሚያወጣላት ቃል ገብቷል። «ድምፁ ጠብሰቅ ይበል» ማለቱንም ሰምቻለሁ። እርስዎም የክብር እንግዳ ነዎት አሉ። የሚከስ ይኖራል ብለው ሳይሰጉ ይጨፍሩ፤ በዚህ ሰፈር አቤቱታ የሚጽፈው ሰው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም አሁን በራሱ ጉዳይ ተይዟል።