ከእኛ ቀድሞ ስለሚጠጣው የአቶ ደምሴ ካርድ

ለተከበሩ አቶ ደምሴ፣ የሰፈራችን የቦኖ ውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ እና የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ
ሸዋ ሮቢት

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰብዎ፣ ስቱዲዮዎ፣ በተለይም ኮምፒዩተርዎ በዚህ በሚያዝያ ሙቀት ደህና እንደሆኑ ተስፋ እያደረግሁ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ላስቀድም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በዚያ ዓርብ፣ የቦኖውን ውሃ ያፈሰሰው ጠባቂው ባለቤቴ ኸድር አልነበረም። እኔ ነኝ። ለጁምዓ ሶላት ሲሄድ ቁልፉን ትቶልኝ፣ የፓፓያ ችግኞቼን ላጠጣ ቧንቧውን ከፈትኩና የያዝኩትን መጽሐፍ አንዲት ገጽ ልጨርስ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ገጿ ምዕራፍ ሆነች። ቀና ስል ታንከሩ ባዶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ኸድር ከመስጊድ ሲመለስ ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ኮሚቴው ፊት ቆሞ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ከሥራው ተባረረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እንደዚያው ስሙ ጎድፎ ሞተ። እኔም ዝም አልኩ።

እርስዎ ያን ጊዜ ስላሳዩት ፈጣን ፍትሕ ያለኝ ምስጋና ዛሬም አልቀነሰም። «የሕዝብን ውሃ ያፈሰሰ የሕዝብን ቁልፍ አይይዝም» ብለው ከስሙ ጋር በገዛ እጅዎ ጽፈው በቦኖው ግድግዳ የለጠፉት ወረቀት፣ በፕላስቲክ ስለሸፈኑት ዝናብም ፀሐይም ሳይነካው እስከ ዛሬ አለ። ውሃ ልቀዳ በሄድኩ ቁጥር አነበዋለሁ። ስለዚህ የጽሑፍዎ ታማኝ አንባቢ መሆኔን ተገንዝበው የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትዕግሥት እንዲመለከቱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ወር የእህቴን ልጅ የኢልሀምን የሠርግ ቪዲዮ ልወስድ ስመጣ በደግነትዎ ማሽኑን አሳዩኝ። ምስሉን የሚያቀናብረው ግራፊክስ ካርድ በሮቢት ሙቀት እየጋለ ስላስቸገረዎት፣ የመዳብ ሳጥን ገጥመውበት በውሃ እንደሚያቀዘቅዙት በኩራት አስረዱኝ። እኔም ተደንቄ ቱቦውን በዓይኔ ተከተልኩት። አንዱ ጫፍ ቦኖው ሲዘጋም እንዳይቋረጥበት ከመዝጊያው በላይ፣ ከዋናው መስመር ላይ ተቀጥሏል፤ ሌላው በግድግዳው ቀዳዳ ወጥቶ በቦኖው አጠገብ የሚያልፈው ቦይ ውስጥ ይፈስሳል።

ሁለተኛ፤ ኢልሀም የኮምፒዩተር ጥገና ተምራ ነበርና ስታገባ የመማሪያ ሞጁሎቿን ለእኔ ትታልኛለች፤ እኔ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እዚያ እንደተጻፈው ለዚህ ሥራ አንድ ሁለት ሊትር ውሃ ይበቃል። ውሃው የካርዱን ሙቀት ይዞ ይወጣል፣ ማራገቢያ ሥር ይበርዳል፣ ያው ውሃ በትንሽ ፓምፕ ተገፍቶ ይመለሳል። ይዞራል እንጂ አይፈስስም። እርስዎ ግን ፓምፕና ማራገቢያ በመፈለግ ከመድከም የሰፈሩን ውሃ መምረጥዎ፣ ለሰብሳቢነት ያበቃዎትን ብልሃት ያሳያል።

ሦስተኛ፤ ለእኛ መዝጊያው የሚከፈተው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው። ጀሪካኖቻችን በእኛ ፈንታ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ይውላሉ፤ የብዙዎቻችን ተራ ሳይደርስም ታንከሩ ያልቃል። የእርስዎ ካርድ ተራ አይጠብቅም። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ቱቦው የነገርኳት ጎረቤቴ ሙሀባ ለብ ባለው የቦይ ውሃ እግሯን ነክራ «እሰይ! የአቶ ደምሴ ኮምፒዩተር ገላዋን ታጥባ ወጣች፤ እኛም እጣቢው አልቀረብንም» ብላ ሰልፉን በሙሉ አሳቀችው። እኔ አልሳቅሁም። የእኔ ውሃ የፈሰሰው አንድ ምዕራፍ እስኪነበብ ነው፤ የእርስዎ ዓመት ሊሞላው ነው።

አራተኛ የለኝም፤ ሦስቱ ይበቁዎታል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባለቤቴ ስም ከዚያ ግድግዳ ይነሣልኝ። በዚህ ደብዳቤ ጥፋቴን በአደባባይ አምኛለሁና በቦታው የእኔ ስም ይጻፍ፤ ከእኔ ሥር ደግሞ የእርስዎ። ቃሉ ለሁለታችንም ስለሚስማማ አዲስ ለመጻፍ አይድከሙ። እንዲያውም ሥራ እንዳላበዛብዎት ብዬ ወረቀቱን ራሴ ጽፌ በፕላስቲክ ሸፍኜዋለሁ፤ እስከ ቅዳሜ የኸድር ስም ካልተነሣ ሰልፈኛው እያየ እኔው እለጥፈዋለሁ። ከኸድር ተቀብለው የያዙትን ቁልፍም በዚያው ቀን ለኮሚቴው እንደሚያስረክቡ አልጠራጠርም፤ የእርስዎን ሕግ ከእርስዎ በላይ ማን ሊያከብር ይችላል?

ዕድሜዎ እንደ ቱቦዎ የረዘመ፣ እንቅልፍዎም ከዛሬ ጀምሮ እንደ እኔ የስድስት ዓመት እንቅልፍ ይሆን ዘንድ ከልብ የምመኝልዎ፣
አክባሪዎ
ራቢዓ፣ የኸድር ሚስት

ማስታወሻ፤ የሰፈራችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ በወር ነጭ ድንጋይ ይሠራል። ሞጁሉ እንደሚለው የዚያ የመዳብ ሳጥን መተላለፊያዎች እጅግ ቀጫጭን ስለሆኑ፣ ጨው የሌለው የተነጠረ ውሃ ካልሆነ ይደፈናሉ፤ ካርዱም ይቃጠላል። ይህን ያነበብኩት ስቱዲዮዎ በመጣሁበት ሳምንት ነው። ወዲያው ልነግርዎት እችል ነበር፤ ነገር ግን ዝም ማለትን ስድስት ዓመት ተለማምጄዋለሁ። ሰሞኑን ማሽኑ በየመሃሉ ይጠፋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አይዞዎት።

ግልባጭ፤
ለውሃ ኮሚቴው አባላት በሙሉ፤
ለሙሀባ፣ ሰልፉ ላይ ጮክ ብላ እንድታነበው፤
ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ዓይናለም፣ ስለ ቱቦው ምንም ሳያውቁ በየቅዳሜው ጀሪካናቸውን ከእኔ ቀጥለው አሰልፈው ወደ ቤት ለሚመለሱት።