ሽቦውን ማን ጠቀለለው?

ውድ ጋሽ ነስሩ፣

ከመመረቂያ ሥራዬ ፈተና ቀን ወዲህ፣ ይኸው ወር ሆነኝ፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ በሚጠቀልሉበት ሱቅዎ በር ላለማለፍ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ። ፈርቼዎት ነው።

ከኮንጋ ቡና ማጠቢያ የተጣለውን የተቃጠለ ሞተር ይዤ ስመጣ፣ "ወላሂ፣ ሰው የሚያስጠቀልለው ቡና ሊፈለፍልበት ነው፤ አንቺ መሃሉ ላይ የውሃ ብርጭቆ ልታስቀምጪበት?" ብለው ሳቁብኝ። ግን ሁለት ሳምንት ጠቀለሉልኝ። የጤፍ ፍሬ የምታክለዋን ማግኔት ከጠመዝማዛ ጅራቷ ጋር አጣብቄ ሮቦቷን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን በደም ሥር ውስጥ መድኃኒት ታደርሳለች የምንላትን ሮቦት እያሽከረከረ ውሃ ውስጥ የሚያስዋኛት የማግኔት ኃይል ግን የሚመነጨው ከእርስዎ ሽቦ ነው።

ፈታኙ "ሽቦውን ማን ጠቀለለው?" ሲለኝ "እኔ" አልኩ። ሁሉንም ብቻዬን እንደሠራሁ ፈርሜያለኋ! እርስዎ ደግሞ የኢድ ኮትዎን ለብሰው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"እንግዲያው ወደ ኋላ አስዋኚያት" አለኝ።

አላውቅበትም። ወደ ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያስገቡትን ሦስት ሽቦዎች አንድ በአንድ ነካካሁ። ሮቦቷ የብርጭቆውን ግድግዳ ትገፋለች፤ ፈታኙ ሰዓቱን ያያል። እርስዎ ብድግ ሲሉ አለቀልኝ፣ አሁን ያጋልጡኛል አልኩ።

"መምህርት፣" አሉኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሞተር የጠቀለሉት ሰው፣ "ባለፈው ስታስተምሪኝ፣ ከሦስቱ ሁለቱን መለዋወጥ ነው አላልሽኝም?"

አለዋወጥኩ። ሮቦቷ ከግድግዳው ተላቃ ወደ ኋላ፣ መሃል ለመሃል ዋኘች። ሲያጨበጭቡልኝ ቀና ብዬ አላየሁዎትም። ስፈልግዎ ሄደዋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እስኪጠራ መጠበቅ አልቻልኩም። ምረቃው ቅዳሜ ነው። አባዬ በግ ገዝቷል። ዛሬ ጠዋት ለትምህርት ክፍሉ "ሽቦውን የጠቀለሉት አቶ ነስሩ ናቸው" ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። ኃላፊው አላመኑኝም፤ "ነገ ሰውየውን አስጠርተን እንጠይቃለን፤ እውነት ከሆነ አትመረቂም" አሉኝ።

ጋሽ ነስሩ፣ አውቅዎታለሁ። ነገም "እሷ ናት የጠቀለለችው" ሊሉ ነው። ይህን የምጽፍልዎ ቀድሜ እንድደርስዎ ነው። ለእኔ ብለው አንዴ ዋሽተዋል። አሁን ረመዳን ነው፤ እባክዎ፣ በጾም አፍዎ ለእኔ አይዋሹ።

ልጅዎ፣
ሮሆቦት ሲሞን
ዲላ፣ ሰኔ 21 ቀን 2008