ከመተማ አዲስ አበባ በአየር

እሑድ፣ መተማ፣ ኮኪት
ወንድሜ ዳዊት ደግሞ ደወለ። አንገሸገሸኝ! አዲስ አበባ ተቀምጦ ከስልኩ ላይ ያነብልኛል፤ «ከመተማ አዲስ አበባ በአየር አምስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ አንድ ሰዓት»። መተማ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሌላት ያንን የጻፈው ሰው ላያውቅ ይችላል። እሱ ግን እዚሁ ነው የተወለደው። የአባየን የዓይን ቀዶ ሕክምና ለረቡዕ ጠዋት አስይዞ፣ «ማክሰኞ ከጎንደር ብትበሩ ይበቃል» ይለኛል። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆየ። ቀኙ እየደበዘዘ ነው። ቀዶ ሕክምናው ቢሳካ ያያሉ፣ ባይሳካ እሱም ይሄዳል። ከዘገየ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም ተብለናል።

ሰኞ፣ መንገድ ላይ
መንገዱ ስለሚያሰጋ መኪና ያለ አጀብ አይንቀሳቀስም። ከንጋት ጀምሮ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቀን አጃቢ ጠበቅን። የመጡት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሙቀት፣ ላብ፣ የናፍጣ ሽታ። ከኋላዬ ያለው ሕፃን ሁለቴ አስመለሰው፤ አንዱ እኔ ላይ። ሹፌሩ ያኘከውን ጫት በመስኮት ሲተፋ ንፋሱ መልሶ ለእኛ ያመጣዋል።  ለማንኛውም ጎንደር ገባን፣ ይኸም ድል ነው።

ማክሰኞ፣ ጎንደር
ጥይት! አንዲት ጥይት!
የአባየ ኮት በመፈተሻው ሲያልፍ ፈታሿ ደነገጠች። እኛ ዘንድ ገበሬ ያለ ጠመንጃ ሰሊጥ እርሻው አይወርድም። ጠመንጃውን ለአጎቴ አስረክበው ነው የመጡት፤ ጥይቷ ግን በተቀደደው ኪስ ሾልካ ገበሩ ውስጥ ተቀምጣለች። «ልጀ፣ እኔ ጠመንጃውን አስቀመጥሁ፣ እሷን ማን አስታወሳት?» አሉ። ከኋላችን የነበረ በሽቶ የተነከረ ሰውዬ፣ «ሽፍታ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ፊቱ ላይ ብተፋበት ደስ ባለኝ። ራሴንም ተጸየፍሁት። ኮቱን ያጠብሁት እኔ ነኝ፣ ኪሱን እንኳ አልዳበስሁም። አጎቴ የጠመንጃውን ፈቃድ ፎቶ አንስቶ እስኪልክ አውሮፕላኑ ሄደ። ቲኬቱን ለነገ ጠዋት አዛወሩልን። ዳዊት፣ «ሐኪሙ ተራውን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል» ብሎ ጮኸብኝ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ
በረራው እውነትም አንድ ሰዓት ያህል ነው። አባየን መስኮት ዳር አስቀመጥኋቸው፤ ቢያንስ ደመናውን ይዩ ብዬ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ ጠጋ ብለው፣ እስክናርፍ ድረስ እኔን አዩ። ተነጫነጭሁ። «ምን ሆነው ነው? ሰው ያየናልኮ!» አልኋቸው። 
ተራው እንደተፈራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ለመንሁ፣ አለቀስሁ፣ መለማመጥ እየጠላሁ ተለማመጥሁ። ሐኪሙ በመጨረሻ ከሰዓት በኋላ አስገባቸዋለሁ አለ።
የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ጋ ሲደርሱ እጄን ያዙ። «ዓይኔ እንቢ ያለ እንደሆን ብየ፣ ሰማይ ላይ ሳለን ፊትሽን ደህና አድርጌ አይቸዋለሁ» አሉኝ።
አሥር ሰዓት ሆኗል። በሩ አልተከፈተም።