አዋሽ ሐዲድ ላይ ለቀረኸው ኑሩዬ

ኑሩዬ፣ የአላህ ሰላም ቀብርህ ድረስ ይድረስህ። ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አባቴ አሊዩ አምባ ሲነግዱ ፊደል ያስቆጠሩኝ ሥራ እንዳግዛቸው ነበር፤ ላንተ እጽፍበታለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ቤታችን እንዳለ ነው። ማሽላው ዘንድሮ ቀንቶታል። ጣሊያን ጣርማ በር ላይ ተራራውን እየበሳ ስለሆነ፣ በሮቢት በኩል ካሚዮን ሳይቋረጥ ያልፋል። ልጃችን ሙሐመድ ያንተን አረማመድ ይዟል፤ ከኋላው ሳየው አንተ ትመስለኛለህ።

ለሐዲድ ሥራ አዋሽ ስትወርድ ተኮራርፈን ነበር። ለእረፍት ስትመጣ ግን እየሳቅህ ታወራልኝ ነበር፤ የበሰበሰውን እንጨት ከሐዲዱ ስር አውጥታችሁ አዲስ ስትተኩ፣ የላላውን ብሎን ስታጠብቁ፣ በፀሐይ የጋለው ብረት መዳፍህን እንዴት እንደላጠው። ባቡር ቢፈልግም ቶሎ መቆም አይችልም፣ መጠበቅ ያለበት መኪናው ነው ትለኝ ነበር።

አሟሟትህን የነገሩኝ የሥራ ጓደኞችህ ናቸው። የመኪናው መንገድ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ስትሠሩ ባቡር ሲመጣ ሰማህ። ወዲያው ሠራተኞች የጫነ ካሚዮን አቧራውን እያጨሰ ሲከንፍ መጣ። መኪና የምታስቆምበትን ቀይ ጨርቅህን ይዘህ መንገዱ መሀል ቆምክ። ሾፌሩ ፍሬን የያዘው ዘግይቶ ነው። መኪናው አንተን መትቶ ሐዲዱ አፋፍ ላይ ቆመ፤ ባቡሩም አለፈ። ከተሳፈሩት አንድም አልሞተም።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ያ ሾፌር ቤታችን መጣ። ደምሴ ይባላል፤ ገና ወጣት ነው። ባለፈው ረመዳን ለማፍጠር ስንሰናዳ ሽማግሌዎች ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ወንድምህ ዓሊ ጩቤውን ሲመዝ ሽማግሌዎቹ ያዙት። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«አይተኸው ነበር?»

«አይቼው ነበር፣ እትዬ» አለኝ። «ባቡሩን የምቀድም መስሎኝ ነው።»

መዋሸት ይችል ነበር። አቧራው ጋረደኝ ቢል ማን ያውቃል? እኔም እስከዚያች ቀን ሳያየው ቀርቶ ይሆናል እያልኩ ነበር የምጽናናው። ያን ቀን እንደገና የሞትክብኝ ያህል ሆነብኝ። ውኃ ሰጠሁት። ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ግን አቃተኝ። «ሐዲድ ስታይ ቁም። ሞተሩን አጥፍተህ አዳምጥ» ብቻ አልኩት። አጎንብሶ አለቀሰ፤ ሄደ።

ባለፈው ወር ከዓሊ ጋር ቀብርህን ልንዘይር ወረድን። የተሳፈርንበት ካሚዮን ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋ። ደምሴ አልነበረም፤ የማናውቀው ጠና ያለ ሰው ነው። ዓሊ ለምን እንደቆመ ጠየቀው።

«አንድ ልጅ እዚህ ቦታ ሰው ገድሏል» አለው። «ካሚዮን የምንነዳውን ሁሉ እየዞረ ይነግረናል። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አይቼው ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ ሳናዳምጥ አናልፍም።»

ዓሊ ባቡሩ መጥቶ እስኪያልፍ እጄን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ።

ቀብርህ ላይ ፋቲሓ ቀራን። ዓሊ ፈቀቅ ሲልልኝ ደምሴን ይቅር አልኩት፣ ድምፄን አውጥቼ፣ አንተ እንድትሰማኝ። ከልቤ ነው ኑሩዬ፤ ግን ቀላል አልነበረም።

አንተን አልረሳህም። ሙሐመድ አባቴ እንዴት ሞተ ሲለኝ ሰው ለማዳን ቆሞ ነው እለዋለሁ። የገደለውም ሰው እንዳልዋሸ እነግረዋለሁ። ሁለቱንም አውቆ ይደግ።

ያንተው ዘይነባ