ሙሽራ የከለከልኩበት ቀን

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ዛሬ ሙሽራ ከለከልኩ። ሸዋ ሮቢት ላይ ከዚህ የባሰ ወንጀል ያለ አይመስለኝም።

ሙሽሮቹ መዝናኛችን ለፎቶ መጥተው ሳለ፣ ሙሽሪት እኔ የማንቀሳቅሰው፣ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከፍ ብሎ አየር ላይ የሚዞረው መጫወቻ ወንበር ላይ ከባሌ ጋር ካልወጣሁ አለች። ዓይነ ርግቧ መሬት ይጠርጋል። ሰንሰለቱ ከጠመጠመው አንገቷን ጎትቶ ነው የሚዞረው።

“እሱን እንደለበሱ መውጣት ክልክል ነው” አልኩ፣ እንደ ዳኛ ተኮፍሼ።

ሚዜው “በሠርጓ ቀን እንቢ ትላታለህ? ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ!” ብሎ ጮኸብኝ።

ሙሽራው በዚህ ሙቀት ሱፉን እንደለበሰ ላቡን እየጠረገ ጠጋ አለና በጆሮዬ “ወንድሜ፣ በናትህ ጽና፤ ከፍታ እፈራለሁ” አለኝ።

ሙሽሪት ግን ዓይነ ርግቧን ፈታ ሙሽራው እጅ ላይ ጣለችው። “እንግዲያው አንተ ያዝልኝ!”

ብቻዋን እየሳቀች ሦስቴ ዞረች። እሱ ያንን ጨርቅ ታቅፎ ከታች ቆመ። እንደዚያ የተደሰተ ሙሽራ በሕይወቴ አላየሁም።