አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌዎች

ጥቅ. 14 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ማለዳ

ተምሩን አጠጥቻለሁ። የውኃው ሞተር ዛሬም ያስላል። ደብተሬ ሆይ፣ ሳዑዲዎች ወረቀታችንን እንድናስተካክል የሰጡን የምሕረት ጊዜ ከሒጅራው ዓመት ጋር ያበቃል። አንድ ዳቦ ቤት ቅጥሬን ወደ ስሙ ሊያዛውር ፈቃደኛ ነው፤ የሚጠይቀኝ ፓስፖርቴን ብቻ። እሱ ደግሞ በአሠሪዬ እጅ። የመኖሪያ ፈቃዴን አያሳድስም፤ ክፍያው በዛ ይላል። አይለቀኝምም፤ በአዲሱ ደንብ ሌላ ሰው ማስመጣት ከብዷል ይላል። ሥራው ለአገሩ ወጣቶች ነው ተብሏል። ይህን ሞተር ሊያስነሣ የመጣ ወጣት ግን አላየሁም።

ጥቅ. 17፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

ቆቦ ደወልሁ። እናቴ ማሽላው እሸት ይዟል አለች። ደኅና ነኝ አልኋት። ዋሸሁ።

በእኛ አገር የተበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። አባ ሰይድን ለመንኋቸው፤ የዋጃ ሰው፣ እዚህ የሕንፃ ዘበኛ፣ ፈቃድ የሌላቸው። ሁለት የጎብዬ ሰዎች አስከትለው ዓርብ ይመጣሉ። በዱላ ፈንታ የተምር ዝንጣፊ ልጠዋል። «ሽማግሌ ያለ ዱላ ምን ይመስላል፣ አንተ ልጅ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ጥቅ. 22፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

መጡ። በሽምግልና ላኪ አይታይምና ከሞተር ቤቱ ጀርባ ሆኜ አየሁ። አሠሪዬ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ተምርና ቡና አቀረበ። አልተቀመጡም። ውኃም አልነኩም። የልጁን ፓስፖርት እሺ ካላልኸን አንቀመጥም አሉት፣ አንገታቸውን ደፍተው። ቆቦ ቢሆን ባለቤቱ በዚህ ይረታል። በዚህ ሰው ዘንድ ግን ቡናውን የገፋ እንግዳ ጠላት ነው። ማናችንም አላሰብነውም። ፊቱ ጠቆረ፤ ስልኩን ይዞ ራቅ አለ። «ዘመዶቹን ሊያማክር ነው» አሉ አባ ሰይድ፣ ደስ ብሏቸው።

የመጣው ፖሊስ ነው። አሠሪዬ በዱላ መጡብኝ ብሎ ከሰሰ። ሦስቱንም ጫኗቸው። ሽማግሌዎቹ የላካቸው እኔ መሆኔን ለፖሊስ አልተናገሩም። አንዳቸውም።

ጥቅ. 23፣ ማለዳ

ሞተሩን አላስነሣሁም። አሠሪዬ አንተን አልነካሁም፣ ሥራህን ቀጥል አለኝ፤ ውለታ የዋለልኝ ይመስለዋል። ዳቦ ቤቱ ደወለ፦ ነገ መጨረሻው ነው።

ወደ ዳቦ ቤቱ አልሄድም። ወደ ፖሊስ ጣቢያው ነው። የላክኋቸው እኔ ነኝ፣ ሊለምኑ እንጂ ሊማቱ አልመጡም እላለሁ። ፓስፖርትህ የት ነው ሲሉኝ በማን እጅ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። የአባ ሰይድን ዝንጣፊ በሩ ላይ ከወደቀበት አንሥቼ ከግድግዳው አስደግፌዋለሁ። ዱላ ነው እንዳይሉኝ ባዶ እጄን እሄዳለሁ።